ወፍን ወደ ግቢ መጥራት፤ ስለ አጥር፣ ስለ ዛፍና ስለ ጥሬ የተደረገ አጭር የታሪክ ጥናት

በአገራችን ገጠር ያደገ ሰው ወፍን ከመጥራት ይልቅ ወፍን ማባረርን አስቀድሞ ይማራል። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ልጁ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣል፤ ከንጋት እስከ ምሽትም ሲጮህና ድንጋይ ሲወነጭፍ ይውላል። ግሪሳ የወረደበት እርሻ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ይህን ልጅ ጨካኝ ነው አይለውም። ስለዚህ «የዱር ወፎች ወደ ቤታችን ግቢ እንዲመጡ ምን እናድርግ?» የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ ሲሰማ የጠገበ ሰው ጥያቄ ይመስላል። እኛም ይህን ጥናት ስንጀምር እንዲሁ መስሎን ነበር። የነገሩን ታሪክ እየተከታተልን በሄድን ቍጥር ግን ጥያቄው የጥጋብ ብቻ አለመሆኑን ተረዳን።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ሰዎች በልዩ ልዩ አገርና ዘመን የዱር ወፎችን ወደ መኖሪያቸው ለማቅረብ ያደረጉትን ሙከራ እንመለከታለን። ልናስረዳ የምንሞክረውም አሳብ ይህ ነው፤ ወፍን ወደ አንድ ግቢ የሚያመጣውና በዚያም የሚያቆየው ከሁሉ በፊት የሚበተንለት ጥሬ ሳይሆን የሚያገኘው ጸጥታና መጠለያ ነው። ከዚህም አያይዘን ጸጥታው በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ብቻ ሲመሠረት ምን እንደሚደርስበት እናያለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የቅል ቤት

ወፍን ወደ ሰፈር የመጥራት ልማድ የተጀመረው በሀብታሞች የአትክልት ቦታ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ይኖሩ የነበሩት የቾክታውና የቺካሶ ነገዶች በጎጆአቸው አጠገብ የበቀለውን ለጋ ዛፍ ጫፉን ይቈርጡና ቅርንጫፎቹን አሳጥረው በየአንዳንዱ ላይ ባዶ ቅል ያንጠለጥሉ ነበር። ይህን የጻፈልን በስኮትላንድ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው የወፍ ሊቅ አሌክሳንደር ዊልሰን ነው፤ ስለ አሜሪካ ወፎች የሚናገረውን መጽሐፉን ከ1808 ጀምሮ በየክፍሉ አሳትሟል።

በቅሉ ውስጥ ጎጆዋን የምትሠራው ወፍ ወንዱ ጥቁር ሐምራዊ የሚያብለጨልጭ ላባ ያለው፣ በአየር ላይ የሚበርሩ ነፍሳትን እየለቀመች የምትኖርና በብርድ ወራት ወደ ደቡብ አሜሪካ የምትወርድ ናት። እንግዲህ ይህች ወፍ ጥሬ አትለቅምም። የሰፈሩ ሰዎች የሰጧት ምግብ ሳይሆን ቤት ነው። እርስዋም በምላሹ ጭልፊትንና ቁራን እያሳደደች ታርቅላቸው ነበር። አውሮፓውያን ሰፋሪዎችም ልማዱን ከእነርሱ ወርሰው በቅሉ ፈንታ የእንጨት ሣጥን መስቀል ጀመሩ። ዛሬ በምሥራቅ አሜሪካ የምትገኘው የዚህች ወፍ ወገን ሰው ከሠራላት ቤት በቀር በሌላ ስፍራ የምትፈለፍለው ከስንት አንዴ ነው። ይህም ጉዳዩ በቀላል የሚታይ አለመሆኑን ያሳያል፤ ወፍን የጠራ ሰው ከወፏ ጋር ውል እንደ ገባ ይቈጠራል።

ለ. የዎልተን ግንብ

በእንግሊዝ አገር በዮርክሽር፣ በዌክፊልድ ከተማ አጠገብ፣ ዎልተን ሆል የሚባል የቈየ ርስት አለ። የርስቱ ጌታ ቻርልስ ዋተርተን በ1782 ተወለደ፤ ትምህርቱንም በስቶኒኸርስት በኢየሱሳውያን ኮሌጅ ፈጸመ። ወገኑ ካቶሊክ ስለ ነበር በዚያ ዘመን በነበረው ሕግ ከብዙ የመንግሥት ሥራ የታገደ ሰው ነበር። ወደ ደቡብ አሜሪካ አራት ጊዜ ተጕዞ የጻፈው የጕዞ መጽሐፍ በ1825 ታትሞ ስሙን አስጠርቶለታል። እኛን የሚመለከተን ግን በአገሩ የሠራው ነው።

ዋተርተን በ1820ዎቹ ዓመታት የርስቱን መናፈሻ ዙሪያውን ከሰው ቁመት በላይ በሆነ የድንጋይ ግንብ አጠረ። የግንቡ ርዝመት ወደ 3 ማይል፣ ማለት ወደ 5 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። በግንቡ ውስጥ ጠመንጃ እንዳይተኰስ ከለከለ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ባላባት ርስቱን የሚያጥረው ለአደን የሚሆነውን ቆቅና አጋዘን ለራሱ ለማስቀረት ነበር፤ ዘበኞቹም ጉጉትንና ጭልፊትን የአደን ጠላት እያሉ ይፈጁ ነበር። ዋተርተን ነገሩን ገለበጠው። በ1813 ሐረግ በወጣበት አሮጌ የበር ፍርስራሽ ላይ ለጉጉት መኖሪያ ሠራ። ከዚያም በኋላ ቀዳዳ ያለው የድንጋይ ግንብ አቆመ፤ በገደል አፈር ውስጥ ለሚፈለፍሉት ወፎችም ብዙ ጉድጓድ ያለው ግድግዳ አዘጋጀ። በመናፈሻው ውስጥ ከመቶ በላይ የወፍ ዓይነት መታየቱ ተጽፏል።

ሌላም ሊታወስ የሚገባው ነገር አለ። ዋተርተን ግንቡን ያቆመው ሰውን ከወፍ ለመለየት አልነበረም። ለጎብኚዎች በሩን ይከፍት ነበር፤ በዌክፊልድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የነበሩ በሽተኞችም ወደ መናፈሻው እየመጡ በሐይቁ ላይ ያሉትን ወፎች በመነጽር ይመለከቱ ነበር።

የነገሩ ፍጻሜ ግን ያሳዝናል። በአጠገቡ የተሠራው የሳሙና ፋብሪካ ጢስና ዝቃጭ ዛፎቹን ማድረቅና ውሃውን መበከል በጀመረ ጊዜ ዋተርተን ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ተከራከረ፤ በመጨረሻም ፋብሪካው ከዚያ እንዲነሣ ሆነ። እርሱ በ1865 ሲሞት ግን ልጁ ኤድመንድ መናፈሻውን ለአዳኞች ከፈተው፤ ቈይቶም ርስቱን ለዚያው ለሳሙና ፋብሪካው ባለቤት ቤተ ሰብ ሸጠው። የድንጋዩ ግንብ ቆሞ ሳለ በውስጡ የነበረው ሕግ ፈረሰ።

ሐ. የዜባኽ መምህር

ዋተርተን የሠራው ከፍቅር የተነሣ ነበር። በጀርመን አገር በቱሪንገን፣ በዜባኽ ቤተ መንግሥት የኖረው ባሮን ሃንስ ፎን በርሌፕሽ (1857–1933) ግን ሥራውን ወደ ትምህርት ለወጠው። ግንደ ቆርቁር ግንድ ፈልፍሎ የሚሠራውን ጎጆ እየሰነጠቀ፣ የአፉን ስፋትና የሆዱን ጥልቀት እየለካ፣ በዚያው ልክ ከግንድ ቍራጭ የወፍ ቤት አሠራ። ከዚህም በቀር እሾኻማ ቍጥቋጦ በረድፍ እየተከለ፣ ቅርንጫፎቹ ጎጆ ለመሸከም እንዲመቹ አድርጎ ይከረክማቸው ነበር። በብርድ ወራት የሚበላ ነገር የሚቀመጥባቸውንም ዳሶች አዘጋጀ፤ ይሁን እንጂ ለወፍ ከሁሉ የሚበልጠው መፈልፈያ ስፍራ መሆኑን ያስተምር ነበር።

ማርቲን ሂዘማን የሚባለው ተከታዩ ስለዚህ ዘዴ የጻፈው መጽሐፍ በ1908 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ የበርሌፕሽን ስም በሌላ አገርም አሳወቀ። በመጽሐፉ ውስጥ በ1905 አባጨጓሬ በሃይኒኽ ጫካ ላይ ተነሥቶ የኦክ ዛፎችን ቅጠል ሲጨርስ ወፎች የበዙበት የዜባኽ ደን ግን እንደ ለመለመ መቅረቱ ይተረካል። ይህን ምስክርነት ስንቀበል ጥንቃቄ ያስፈልገናል፤ የተናገረው ደቀ መዝሙር ስለ መምህሩ ነውና። ሆኖም ትንንሽ ወፎች ጫጩቶቻቸውን ሲያሳድጉ እጅግ ብዙ አባጨጓሬ መልቀማቸው በኋላ በተደረገ ምርምር ስለ ተረጋገጠ የነገሩ መሠረት የታመነ ነው። ወፍ መጥራት ለገበሬም ይጠቅማል የሚል ክርክር በሰፊው የተሰማው በዚህ መንገድ ነው።

መ. ጥሬ የመበተን ልማድና ዋጋው

በእንግሊዝ አገር ተራው የከተማ ሰው ለወፍ ፍርፋሪ የመበተን ልማድ የጠነከረው በ1890–91 በደረሰው ብርቱ ክረምት ነው። በረዶው ለብዙ ሳምንታት ሳይቀልጥ ስለ ቈየ ጋዜጦች ሰዎች ለወፎች ምግብ እንዲያወጡ ይመክሩ ጀመር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1889 ኤሚሊ ዊልያምሰን የምትባል ሴት በማንቸስተር የወፎች ጥበቃ ማኅበር አቋቁማ ነበር። የማኅበሩ የመጀመሪያ ጠብ ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ ሲባል ወፍ መግደልን በመቃወም ነው። እንግዲህ ላባውን በራስ ላይ መሰካትን መተውና ሕያውን ወፍ በመስኮት ማየትን መውደድ በአንድ ዘመን የተያያዙ ነገሮች ናቸው።

ወፎቹም በበኩላቸው ከሰው ተማሩ። በ1921 በሳውዝሃምፕተን አጠገብ ስዌይትሊንግ በምትባል መንደር በበር ላይ የተቀመጠውን የወተት ጠርሙስ ክዳን እየቀደዱ ቅባቱን የሚጠጡ ትንንሽ ወፎች ታዩ። ጄምስ ፊሸርና ሮበርት ሃይንድ በ1949 ባሳተሙት ጥናት ይህ ብልሃት በብዙ ስፍራ እንደ ተስፋፋ አሳይተዋል።

ጥሬ መበተን ግን ዋጋ አለው። ብዙ ወፍ በአንድ ገበታ ላይ ሲሰበሰብ በሽታም አብሮ ይሰበሰባል። ከ2005 ጀምሮ በብሪታንያ አረንጓዴ ላባ ባላት አንዲት ጥሬ ለቃሚ ወፍ ላይ የጉሮሮ በሽታ ተነሥቶ ቍጥሯን እጅግ ቀነሰው፤ በ2021ም ይህች ወፍ በአገሩ የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው ጋር በቀዩ መዝገብ ተጻፈች። በሽታው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ደግ ሰዎች በየግቢያቸው ያቆሙትና በየጊዜው ያላጠቡት የመመገቢያ ገበታ ነው። ቸርነት ያለ ጥንቃቄ ሊገድል እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ሠ. የእኛ አገር ቅጥር

ወደ አገራችን ስንመለስ ዋተርተን ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የፈለገውን ነገር ደገኛው የሰሜን ሕዝብ ወፍን ሳያስብ ጠብቆት እናገኛለን። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ተራራው ሁሉ እርሻና ግጦሽ በሆነበት አገር ከሩቅ ጠቍሮ የሚታየው ደን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶውና ዋንዛው እዚያ ይገኛል። ካህናቱም ምእመናኑም ደኑን እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ያዩታል፤ ግዝቱን ፈርቶ መጥረቢያ የሚያነሣበት ሰው የለም ማለት ይቻላል። የወይራና የዋንዛ ፍሬ የሚበሉ ወፎች በዚያ ይኖራሉ፤ ዘሩንም ወዲያና ወዲህ ይጥላሉ።

ነገር ግን ግዝት ሰውን ይከለክላል እንጂ ከብትን አይከለክልም። ከብት እየገባ ችግኙን ሲግጥና ሲረግጥ አሮጌው ዛፍ ልጅ ሳይተካ ያረጃል። በዘመናችን የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ይህን በደቡብ ጎንደር ደኖች ላይ አጥንቷል፤ ከአሜሪካዊቷ የደን ሊቅ ከማርጋሬት ላውማን ጋር በመተባበርም ካህናቱና ገበሬዎቹ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲሠሩ ረድቷል። ድንጋዩ ከእርሻው የተለቀመ ነው፤ ስለዚህ ማሳው ይጠራል፤ ደኑም ይታጠራል። የዎልተን ግንብ ከሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ በሌላ አገር፣ በሌላ ምክንያት፣ በገበሬ እጅ እንደ ገና ተሠራ ማለት ነው።

በሁለቱ መካከል ግን ትልቅ ልዩነት አለ። የዎልተን ሕግ የአንድ ጌታ ፈቃድ ስለ ነበር ከጌታው ጋር ሞተ። የቤተ ክርስቲያኑ ደን ግን የሰበካው ሁሉ ስለ ሆነ ስንት ትውልድ ተሻገረ። ወፍን የሚያኖረው አጥር ከሆነ፣ አጥሩን የሚያኖረው ደግሞ የሕዝብ ስምምነት ነው።

አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣነው ተቃውሞ እንመለስ። ግሪሳ የሚያጠፋው እህል ነውና ወፍን መጥራት ጠላትን መጥራት አይሆንምን? አይሆንም እንላለን። ግሪሳ በብዙ ሺህ ሆኖ ቆላ ለቆላ የሚዘዋወር ጥሬ ለቃሚ ነው፤ በጓሮ ዛፍና በአበባ መካከል የሚታዩት ግን አብዛኞቹ ትል፣ ፍሬና የአበባ ማር ፈላጊዎች ናቸው። ማማው በእርሻው ላይ ተገቢ ነው፤ በጓሮ ግን አያስፈልግም።

በከተማ ያለነውም ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት አለ። አባቶቻችን ግቢያቸውን በኮሽም ያጥሩ ነበር፤ ኮሽም እሾኹ ለወፍ መጠጊያ፣ ፍሬው ምግብ ነው። ዛሬ በኮሽሙ ፈንታ ቆርቆሮና ብሎኬት ቆሟል፤ ግቢውም ሲሚንቶ ለብሷል። ወፍ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ጥሬ ከመግዛቱ በፊት በአንድ ጥግ ኮሽም ይትከል፤ የአገር ዛፍ ካለው አይቍረጥ፤ ንጹሕ ውሃ በዝርግ ዕቃ ያስቀምጥ፤ በየቀኑም ይቀይረው፤ ድመቱንም ይጠብቅ።

በመጨረሻም ከየክልሉና ከየመንደሩ ለመጡት ባልንጀሮቻችን አንድ ልመና አለን። ለዕረፍት ወደ አገራችሁ ስትገቡ በሰበካችሁ ቅጥር ውስጥ የሚኖሩትን ወፎች በአገሬው ስማቸው ጻፉልን፤ ሽማግሌዎችንም የትኛው ወፍ ቀድሞ ይታይ እንደ ነበረና ዛሬ እንደ ጠፋ ጠይቁ። ስሙን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ካለፉ በኋላ ወፉ ቢመለስ እንኳ ማን መሆኑን የሚነግረን አናገኝም።