የእህል ሐረገ ትውልድ

በቋንቋችን «ዘር» ማለት አንድም በማሳ የሚዘራው ፍሬ ነው፤ አንድም የሰው ትውልድ ነው። አባቶቻችን የሰውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጥሩ ነበር። የእህል ዘርስ ሐረጉ እንዴት ይቆጠራል?

በምዕራብ ጎንደር ቆላ በአብደራፊ ዋናው አዝመራ ሰሊጥና ማሽላ ነው። ገበሬው ከአገሩ ሰሊጥ አንዱን «ሂርሂር» ይለዋል። የሁመራ እርሻ ምርምር ማዕከል ደግሞ በ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሁለት የተሻሻሉ የሰሊጥ ዝርያዎች ሲያወጣ፣ አንዱን በከተማው ስም «ሁመራ-1»፣ ሌላውን ተከዜ በዚያ ወገን በሚጠራበት ስም «ሰቲት-1» ብሎ ሰየማቸው። በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ግን የዚህን ቆላ ነጭ ሰሊጥ «ሁመራ ጎንደር» ብሎ ባንድነት ይመድበዋል። ይህ ስም የበቀለበትን አገር እንጂ ወላጆቹን አይናገርም። ስለዚህ ለዘር ብሎ ከገበያ የሚገዛ ሰው ስሙን ያውቃል እንጂ ሐረጉን አያውቅም።

ወላጆቹን የሚናገር ስም ምን እንደሚመስል ከጤፍ እንማራለን። የደብረ ዘይት እርሻ ምርምር ማዕከል በ2006 ያወጣው «ቁንጮ» የተገኘው «ዱከም» የተባለውን ቁጥር 974 እና «ማኛ» የተባለውን ቁጥር 196 በማዳቀል ነው። ዱከም ምርቱ ብዙ፣ ማኛ ፍሬው እጅግ ነጭ ነበረ፤ ቁንጮም ከሁለቱ ወረሰ። በመዝገብ ስሙ «ዲዜድ-ሲአር-387» ነው። «ዲዜድ» ደብረ ዘይትን፣ «ሲአር» መዳቀሉን፣ 387 የድቀላውን ቁጥር ያመለክታል፤ ተከትሎ የሚጻፈው 355 ደግሞ ከድቀላው ልጆች መካከል የተመረጠውን ለይቶ ያሳያል።

ከድንበር ማዶ በሱዳን ደግሞ በ1983 «ሀጂን ዱራ-1» የተባለ ማሽላ ወጣ። ያዳቀሉት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። በዐረብኛ «ሀጂን» ዲቃላ፣ «ዱራ» ማሽላ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ለገበሬው ማስጠንቀቂያ ነው። የዲቃላ ማሽላ ፍሬ ከጎተራ ወጥቶ ቢዘራ ልጆቹ በቁመትም በፍሬም ይለያያሉ፤ ምርቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ዘሩ በየጊዜው ከወላጆቹ እንደ አዲስ መዳቀል አለበት። ቁንጮ ግን የጤፍ አበባ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለ ሆነ፣ ከሌላ እንዳይቀላቀል ከተጠበቀ ገበሬው መልሶ ሊዘራው ይችላል። እንግዲህ ሐረጉን ማወቅ ለከንቱ ትምክህት አይደለም፤ የከርሞውን አዝመራ ከጥፋት ማዳን ነው።

ይህን በማሰብ በ1976 በጀርመን መንግሥት ርዳታ በአዲስ አበባ የዘር ማከማቻ ተቋቋመ። እዚያ የሚገባው ዘር ቁጥር ይሰጠዋል፤ የተሰበሰበበት ቦታና አገሬው የሚጠራበት ስምም ይመዘገባል። ነገ ሌላ ቁንጮ የሚፈልግ ተመራማሪ ወላጆቹን የሚመርጠው ከእንዲህ ያለ መዝገብ ነው።

እኛም ተማሪዎች የድርሻችንን እንሥራ። ከወላጆቻችን ጎተራ ዘር ሲቀመጥ፣ ስሙን፣ የመጣበትን ቀበሌና ዓመቱን በወረቀት ጽፈን በጆንያው አፍ እንሰር። ሽማግሌዎች በቃል የሚያውቁት የዘር ስም ካልተጻፈ ከእነርሱ ጋር ይቀበራልና።