ልዕለ ግፊት፦ የቀለሃ ምስክርነት

በነቀምቴ ከቡርቃ ጃቶ ጀምሮ ወደ ጊምቢ በሚዘልቀው መንገድ ባሉት ከተሞች ሁሉ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ጥይትን «ረሳሳ» ሲለው፣ አማርኛ ተናጋሪውም የግዕዙን ልማድ ተከትሎ «ዐረር» ሲለው፣ ሁለቱም ስሞች ከእርሳስ የተወሰዱ ናቸውና፣ ነገሩን የሰየምነው ከአፈሙዝ ወጥቶ በሚሄደው እንጂ ከተኳሹ እግር ሥር በሚቀረው ቀለሃ አይደለም። ዛሬ የማብራራው ቃል ግን ትርጉሙ የሚነበበው በዚያ በተናቀው ናስ ላይ ነው።

እንግሊዞች «ኦቨርፕሬሸር» የሚሉትን «ልዕለ ግፊት» ብዬዋለሁ። የደም ግፊትን የማያውቅ የለምና ለ«ግፊት» ሌላ ስም አያሻም፤ «ልዕለ» ደግሞ በግዕዝ «በላይ» ማለት ነው። «ከፍተኛ ግፊት» ማለት አይበቃምን የሚል ቢኖር፣ ከፍተኛ ግፊት የጠመንጃ ባሕርዩ ነው እለዋለሁ፤ ለ7.92 ሚሊ ሜትሩ የማውዘር ጥይት የተፈቀደው የግፊት ጣሪያ 3900 ባር፣ ይኸውም በባሕር ጠረፍ ካለው የአየር ግፊት 3900 እጥፍ ያህል ሲሆን፣ ብረቱ ይህን እንዲችል ተደርጎ ተሠርቷል። ልዕለ ግፊት የምንለው ከዚህ ምጣኔ ያለፈውን ብቻ ነው።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የወለጋ ወርቅና የዝሆን ጥርስ፣ በነቀምቴው ገዥ በኩምሳ ሞረዳ ዘመን ሳይቀር፣ ለዳግማዊ ምኒልክ የጦር መሣሪያ መግዣ ከሆኑት ሀብቶች መካከል ነበሩ፤ ጥይትም በየገበያው እንደ አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ያገለግል በነበረበት በዚያ ዘመን፣ የተተኮሰ የውጅግራ ጠመንጃ ቀለሃ አይጣልም፣ ተለቅሞ ዳግመኛ ባሩድ ይሞላበት ነበር እንጂ። ውጅግራ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ ፈረንሳዊው ፖል ቪየል እ.ኤ.አ. በ1884 ያወጣው ጭስ አልባ ባሩድ ግን እጅግ የበረታ ስለሆነ፣ ይህንኑ በጥቁሩ ስፍር ልክ የሞላ ሰው ጠመንጃውን ፊቱ ላይ ሊያፈነዳ ይችላል። ባሩድ በጠባብ ስፍራ ሲታፈን ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ፈጥኖ ይነዳልና፣ ጥቂት ጭማሪ ጥቂት ግፊት ብቻ አያመጣም፤ በሚዛን እንጂ በዓይን መስፈር የማይገባውም ስለዚህ ነው።

ምልክቱን «ትእምርተ ልዕለ ግፊት» ብንለው ከ«ትእምርተ ጥቅስ» ጋር ስለሚዛመድ ለጆሮ አይከብድም። በመርፌው ተመትቶ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው የቀለሃው ካፕሱል ጠርዙ ጠፍቶ ሲጨፈለቅ፣ መርፌው የመታው ጉድጓድ ዙሪያው እንደ ከንፈር ሲያብጥ ወይም ሲበሳ፣ ካፕሱሉ ከማደሪያው ሲላላ፣ በቀለሃው ቂጥ ላይ የሚያበራ ጭረት ሲታተም፣ ከሁሉም ይልቅ የጠመንጃው መዝጊያ አልከፈት ብሎ እጅን ሲታገል፣ ብረቱ ከልኩ በላይ መሸከሙን ይናገራል። ሆኖም የካፕሱል መጨፍለቅ ብቻውን ጽኑ ምስክር አይደለም፤ ለስላሳ ካፕሱል በተገቢው ግፊትም ይጨፈለቃልና። የባሰው አደጋ ግን ዝምታው ነው፤ ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ጣሪያው ከታለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ምልክት ያላየ ሰው ደኅና ነኝ ሊል አይገባውም።

በነቀምቴ፣ ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ በብርድ ያለ ምልክት የተተኮሰ ጥይት ወደ ዴዴሳ ቆላ ወርዶ በፀሐይ ሲግል ባሩዱ ፈጥኖ ይነዳልና፣ ያው ጥይት እዚያ ልዕለ ግፊት ሊያሳይ ይችላል። በአገራችን ጠመንጃም ጥይትም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ቁጥጥር ሥር ናቸው፤ በአሜሪካ ግን ጥይትን በቤት መሙላት የተለመደ ሲሆን፣ ጠንቃቆቹ የታተመ ሠንጠረዥ ይዘው ከዝቅተኛው ስፍር ይጀምራሉ፣ ጥቂት በጥቂትም ይጨምራሉ፤ መዝጊያው አንድ ጊዜ ከታገላቸው ከዚያው ስፍር የቀሩትን ጥይቶች አይተኩሱም፤ እርሳሱን ነቅለው ባሩዱን ያፈሱታል።