ከአዝማሪ ሽልማት እስከ ዩቲዩብ፤ የኢትዮጵያ ዘፋኝ መተዳደሪያና የቅጅ መብት

ዘፈን በኢትዮጵያ የሙያ መተዳደሪያ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎታል። ይሁን እንጂ ዋጋው ለዘፋኙ በማን እጅና በምን መንገድ ይከፈለው እንደ ነበረ የሚያስረዳው ታሪክ የዘፈኑን ታሪክ ያህል አልተመረመረም። ድምፅ በሸክላ፣ ቀጥሎም በካሴት፣ በመጨረሻም በኢንተርኔት መሠራጨት በጀመረ ጊዜ ሁሉ የዘፋኙና የደራሲው ድርሻ እንደ ገና አከራካሪ እየሆነ መጥቷል። ከዚህ በታች ይህ ለውጥ ከአዝማሪው ሽልማት ተነሥቶ ዩቲዩብ እስከ ተባለው የተንቀሳቃሽ ሥዕል መድረክ ድረስ በቅደም ተከተል ይታያል። ዓ.ም. ከሚል ምልክት ጋር ከተጻፉትና ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከሠርግ ቤት ወደ ጠጅ ቤት፣ ከመኳንንት አዳራሽ ወደ ገበያ የሚዘዋወር ባለሙያ ነው። ዋጋውን የሚቀበለው በዚያው በዘፈነበት ሰዓት ሲሆን፣ ደስ ያለው አድማጭ ገንዘቡን በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ግጥሙን ሁልጊዜ አዝማሪው ብቻውን አያወጣውም። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል» ብሎ ስንኙን ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ዜማውም ቢሆን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከተባሉት ቅኝቶች በአንዱ ላይ የቆመና ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ነው። በዚህ ሥርዓት «ዘፈኑ የማን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው «ዛሬ ማን አሳመረው?» ተብሎ ነው። ዘፈኑም ከዘፋኙ አፍ ተለይቶ ሊሸጥ ስለማይችል የቅጅ መብት የሚባል ነገር የሚነሣበት ምክንያት አልነበረም።

ድምፅ ከባለቤቱ ሊለይ የቻለው ሸክላ በመጣ ጊዜ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ጀርመን አገር በሄዱበት ጊዜ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ግን መንግሥት ሙዚቃን በቁጥጥሩ ሥር ስላደረገ፣ ዘፋኙ በአብዛኛው የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የማዘጋጃ ቤት ወይም የሀገር ፍቅር ደመወዝተኛ ሆነ። ሸክላ የማስመጣቱና የማሳተሙ መብትም በ1948 ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ይህን ብቸኛ መብት በ1969 ተዳፍሮ የጣሰው ወጣቱ ነጋዴ አምኃ እሸቴ ነበር። እሱም እስከ 1975 ድረስ የዓለማየሁ እሸቴን፣ የግርማ በየነን፣ የሙላቱ አስታጥቄንና የሌሎችንም ሥራ ጨምሮ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን አሳተመ። በዚህም ድርጊት የመንግሥት ደመወዝተኛ የነበረው ዘፋኝ በራሱ ስም የሚሸጥ ሥራ አገኘ።

ካሴት በመጣ ጊዜ ንግዱ ሰፋ፤ ግን ሁለት ነገሮች አብረው መጡ። የመጀመሪያው፣ ካሴትን ማባዛት ቀላል በመሆኑ ማንም መንገድ ላይ ቅጅውን እያባዛ መሸጡ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የውሉ ልማድ ነው። ሙዚቃ ቤቱ ለግጥም ደራሲው፣ ለዜማ ደራሲው፣ ለአቀናባሪውና ለድምፃዊው ለእያንዳንዳቸው በአንድ ጊዜ ዋጋቸውን ቈርጦ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ካሴቱ አንድ ሺህም ይሸጥ መቶ ሺህ፣ ለደራሲው የሚጨመር ነገር አይኖርም። ብዙው ውል በቃል የተደረገ ስለ ነበረ ምን እንደ ተሸጠ በኋላ ለማስረዳት አስቸጋሪ ሆነ። ይህ ልማድ በካሴት ዘመን ያስከተለው ጉዳት በጉልህ አልታየም ነበር፤ ጕዳቱ ጐልቶ የታየው ከ30 ዓመት በኋላ ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 አንሥቶ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጓል። ይሁን እንጂ ሸክላውም ሆነ ካሴቱ ገበያ ላይ በነበረበት ዘመን ይህን ሕግ ይዞ ፍርድ ቤት የቆመ ሙዚቀኛ ጥቂት ነው። ሰፊ ጥበቃ የተሰጠው በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የሚጸና ሲሆን፣ ለከዋኙና ለድምፅ ቅጅው አሳታሚም የየራሳቸው መብት ተሰጥቷቸዋል። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ባለመብቶች በማኅበር ተደራጅተው ክፍያቸውን በጋራ የሚሰበስቡበትን መንገድ አመቻችቷል።

ይህ ሕግ ሥር ሳይሰድ ገበያው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። ዩቲዩብ በ2005 በአሜሪካ አገር ተመሠረተ፤ በ2006 ጉግል የተባለው ኩባንያ በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በ2007 ከማስታወቂያ የሚገኘውን ገቢ ከቪዲዮ አቅራቢዎች ጋር መካፈል ጀመረ፤ ለረጃጅም ቪዲዮዎች ድርሻቸው 55 ከመቶ ነው። ከ2018 ጀምሮ ግን በእነዚህ ቪዲዮዎች ተካፋይ ለመሆን ቢያንስ 1,000 ተከታዮችና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ያስፈልጋል። የማስታወቂያ ዋጋ በተመልካቹ አገር ስለሚለያይ፣ በዋሽንግተን ወይም በአውሮፓ ከተሞች ያለ አንድ ኢትዮጵያዊ ተመልካች በአገር ቤት ካለው ይልቅ ብዙ ጊዜ የበለጠ ገቢ ያስገባል። ከዚህም የተነሣ ስደተኛው አድማጭ ለአገር ቤት ዘፋኝ እንደ አዲስ ሸላሚ ሆነ።

ነገር ግን ገንዘቡ የሚደርሰው ቻናሉ በስሙ ለተመዘገበው ሰው ነው እንጂ በቀጥታ ለዘፋኙ አይደለም። በግሉ የሚሠራ ሙዚቀኛ የራሱ ተከታይ ከሌለው ሥራውን ብዙ ተከታይ ላለው አሳታሚ ይሰጣል፤ ይህም የሙዚቃ ቤቱን ሥርዓት በአዲስ መልክ መልሶ አመጣው። የካሴት ዘመን ውል ጕዳት የታየውም እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ዘፈን በኢንተርኔት እንደ ገና ገቢ ማስገባት ሲጀምር፣ «ካሴቱን ስሸጥ ኢንተርኔትን አልሸጥሁም» የሚል ደራሲና «ሁሉንም ገዝቻለሁ» የሚል አሳታሚ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ጽሑፍ ስለሌለ የሚለያቸው ማስረጃ የለም። ከሁሉ ይልቅ የሚጐዱት ስማቸው በቪዲዮው ግርጌ እንኳ የማይጻፈው የግጥምና የዜማ ደራሲዎች ናቸው።

የመድረኩ የራሱ የፍርድ ሥርዓትም ሊጤን ይገባዋል። በአሜሪካ የ1998 ሕግ መሠረት መድረኩ ባለመብቱ ባመለከተ ጊዜ ቪዲዮውን ካወረደ ከኀላፊነት ይድናል። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ኮንቴንት አይዲ የተባለ መሣሪያ ተሠርቷል። ባለመብት ነኝ የሚለው ወገን የድምፁን ቅጅ አስቀድሞ ያስቀምጣል፤ መሣሪያውም አዲስ የሚገባውን ቪዲዮ ሁሉ ከዚያ ጋር ያስተያያል፤ ተመሳሳይ ሲያገኝ ይከለክለዋል ወይም ገቢውን ወደ አስቀማጩ ያዞረዋል። ይህ መሣሪያ በቀጥታ የሚፈቀደው ብዙ ሥራ በእጃቸው ላሉ ድርጅቶች ስለሆነ፣ ብቸኛው ሙዚቀኛ በአማካይ ድርጅት በኩል ካልገባ በቀር እያንዳንዱን ስርቆት ራሱ እየፈለገ ማመልከት ይኖርበታል።

መሣሪያው ድምፅን ከድምፅ ያመሳክራል እንጂ መብትን አይመረምርም። በኢትዮጵያ ሙዚቃ ረገድ ይህ ብርቱ ጥያቄ ያስነሣል። በአንድ ቅኝት ላይ የቆመውን የወል ዜማ ቀድሞ ያስመዘገበ ድርጅት፣ ያንኑ ዜማ ከአባቱ የተማረውን የጐንደር ወይም የወሎ አዝማሪ ባለዕዳ ሊያደርገው ይችላል። አዝማሪው መከራከር ቢፈቀድለትም፣ አቤቱታው በመጀመሪያ የሚቀርበው ለዚያው ለከሳሹ ሲሆን ከሳሹ ለመልሱ እስከ 30 ቀን ጊዜ አለው። በ«ተቀበል» ሥርዓት የጋራ የነበረው ሀብት በዚህ መንገድ የአንድ መዝገብ ንብረት ሊሆን ይችላል።

ሆኖም ኢንተርኔት ጕዳት ብቻ አላመጣም። በዋሊያስ ባንድ የታወቀው ኀይሉ መርጊያ ወደ አሜሪካ ተሰድዶ በዋሽንግተን የታክሲ ሹፌር ሆኖ ሲኖር፣ በ1985 የሠራው ካሴት አንድ የአፍሪካ ካሴቶችን በኢንተርኔት የሚያሠራጭ አሜሪካዊ እጅ ገባ። ይህም ሰው ባለቤቱን ፈልጎ በስምምነት በ2013 እንደ ገና ስላሳተመው፣ ኀይሉ ወደ ዓለም መድረኮች ተመልሶ በሙያው መጫወት ጀመረ። በዚህ ምሳሌ ሙዚቀኛውን የጠቀመው የድምፁ መሠራጨት ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ተፈልጎ ፈቃዱ መጠየቁ ነው።

በጀርመን አገር የሆነው ነገርም ያስተምራል። ጌማ የተባለው የደራሲዎች ማኅበር ከ2009 ጀምሮ ከዩቲዩብ ጋር በክፍያ ባለመስማማቱ ብዙ የሙዚቃ ቪዲዮዎች በዚያ አገር ተዘግተው ቆዩ፤ እርቁ የተፈጸመው በኅዳር 2016 ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 ባወጣው መመሪያ መድረኮቹ የባለመብቶችን ፈቃድ ለማግኘት እንዲጥሩ አዘዘ። አንድ ደራሲ ብቻውን ሊያደርገው የማይችለውን ነገር ማኅበሩ አድርጎታል።

ከዚህ ሁሉ የሚታየው፣ ዋጋው ከአድማጭ እጅ ወደ ዘፋኙ ግንባር በቀጥታ ይደርስ የነበረበት ዘመን ካለፈ ወዲህ፣ በመካከል የቆመው ወገን መንግሥትም ይሁን ሙዚቃ ቤት ወይም ኩባንያ፣ ድርሻውን አስቀድሞ መውሰዱ ነው። ስለዚህ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ኢንተርኔትን ለይቶ እንዲጠቅስ፣ ማኅበራቱም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 በተሰጣቸው መብት እንዲሠሩ ያስፈልጋል። ለባህል ተመራማሪዎች የሚቀረው ሥራ ደግሞ የወል ዜማዎችን ከየአገሩ አዝማሪ አፍ እየቀረጹ፣ ስፍራውን፣ ቀኑንና የዘፋኙን ስም ጽፈው በቤተ መዛግብት ማኖር ነው። አንድ ድርጅት የሕዝብን ዜማ የራሱ ነው ባለ ጊዜ፣ ከእሱ በፊት ይዘፈን እንደ ነበረ የሚመሰክረው እንዲህ ያለው መዝገብ ነው።