ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ስሙ የተመለሰለት ልጅ፣ ልጆቹን ለአገር የሰጠ አባት

አንድ ትልቅ አባት ሲያርፍ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሥራውን፣ ደግነቱንና ቁጣውን እያነሣ ይጨዋወታል። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሲታወሱ ግን ከሥራቸው ቀድሞ የሚነሣው ስማቸው ነው። እኚህ ሰው ቤተሰቦቻቸው ያወጡላቸውን ስም ያወቁት አድገው፣ ተምረውና ዶክተር ተብለው ነበርና።

ነገሩ የሚጀምረው መቅደላ ላይ ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝና አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ጎንደር የተወለደው ሕፃን ወርቅነህ ገና የአራት ዓመት ልጅ እንኳ አልሞላውም ነበር። በዚያ ትርምስ ከቤተሰቡ ተለየ። ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን አግኝቶ ወደ ሕንድ ወሰደው፤ እሱ ሲሞት ደግሞ ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁ ከሁለቱ አሳዳጊዎቹ ስም ተወስዶለት ቻርልስ ማርቲን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ፤ ኋላም በስኮትላንድ ትምህርቱን አሻሽሎ በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆነ። እንጀራ ነበረው፣ ማዕረግም ነበረው። አማርኛው ግን ጠፍቶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1896 የተገኘው የአድዋ ድል ወሬ የዓለምን ጋዜጦች ሲሞላ ዶክተር ማርቲንም የአገራቸው ነገር አላስቀምጥ አላቸው። ፈቃድ ጠይቀው፣ በራሳቸው ገንዘብ ተጉዘው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ገቡ። በመቅደላ የጠፋ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ ተሰማ። አያታቸውም መጥተው በገላቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለዩዋቸው፤ ስምህ ወርቅነህ ነው አሏቸው። ሰላሳ ዓመት ያህል ያለፈበትን የአንድ ሕፃን ጠባሳ ያልረሱ ሽማግሌ ባይኖሩ ኖሮ፣ ኢትዮጵያ ከዶክተር ማርቲን የምታገኘው አንድ እንግዳ ሐኪም ብቻ ነበር።

ለጊዜው ወደ በርማ ቢመለሱም፣ እ.ኤ.አ. በ1908 በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት እንደገና መጡ፤ ዳግማዊ ምኒልክንም አከሙ። ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች አፈሩ። ከእንግሊዝ አገልግሎት ከተሰናበቱ በኋላ ጠቅልለው ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1925 የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት ኃላፊው እሳቸው ነበሩ። በ1927 አልጋ ወራሽ ተፈሪ ወደ አሜሪካ ልከዋቸው ስለ ጣና ግድብ ከአንድ የኒውዮርክ ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ፤ ሐርለም ድረስ ሄደውም ባለሙያ የሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ኢትዮጵያ ገብተው እንዲሠሩ ጋበዙ። በጨርጨር ገዥነታቸው መንገድና ትምህርት ቤት አሠሩ። አማርኛን በጎልማሳነታቸው እንደገና የተማሩት እኚሁ ሰው፣ ለተማሪዎች የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጁ።

እንደ አባት ደግሞ ልጆቻቸውን ወደ ውጭ ልከው አስተማሩ። ዮሴፍና ቢንያም በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው ተመለሱ። በ1935 ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙና ጣልያን አገሪቱን ስትወር እዚያው ሆነው ለአገራቸው ሲከራከሩና እርዳታ ሲያሰባስቡ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች የጥቁር አንበሳን ጦር ተቀላቀሉ። በልዑል ራስ እምሩ የሚመራው ይህ ጦር በ1936 ማብቂያ እጁን ሰጠ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲጣል ፋሺስቶች የተማረ ኢትዮጵያዊ እያደኑ ፈጁ፤ ዮሴፍና ቢንያምም ከተገደሉት መካከል ነበሩ። አባት መርዶውን የሰሙት በባዕድ አገር ነው።

የሰባ ዓመት ሽማግሌ ሁለት ልጅ ቀብሮ፣ ያውም መቃብሩን ሳያይ፣ እንዴት ቀና ብሎ ይሄዳል? ልጆቹ ለንደን ቀርተው ቢሆን በሕይወት ይኖሩ ነበር ብሎ የሚያስብ ይኖራል፤ እውነትም ነው። ግን ተመለሱ እንጂ አልቀሩም፤ አባታቸውም ከእነሱ በፊት የበርማውን ደመወዝ ትተው ተመልሰው ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ከነጻነት በኋላ አገራቸው ገብተው፣ እ.ኤ.አ. በ1952 አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ሲያርፉ የ88 ዓመት አዛውንት ለመሆን ጥቂት ቀን ቀርቷቸው ነበር።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ በዋሽንግተን፣ በለንደንም ሆነ በሪያድ ስንት ልጅ የአያቱን ስም ሳያውቅ ያድጋል? ወርቅነህን ከጦር ሜዳ አንሥቶ ያስተማረው ባዕድ ነው፤ ምስጋናውም አይቀርበትም። የማን ልጅ እንደሆነ የነገሩት ግን አያቱ ናቸው። ያን ማንም ኮሌጅ ሊያስተምረው አይችልም ነበር። በየቤቱ ያሉ አባቶችና እናቶች ዛሬ ስልክ ቢደወልላቸው ይናገራሉ። የተወለዱበትን ቀዬ፣ የወላጆቻቸውን ስም፣ የተሰደዱበትን ምክንያት ልጆች እየጠየቁ በደብተር ይጻፉ። ከለቅሶው ድንኳን በኋላ የሚጠየቅ ሰው የለም።