የጭቃ ቤቱ ያልተሸከመው ፎቅ

ኑ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ወሬ የእናቴ ቤት ወሬ ነው።

ቤቱ ጉለሌ ነው፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። አባቴ በ1963 ዓ.ም. አሠራው። ቋሚውና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው በጤፍ ጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስቀል ሳይደርስ፣ አባቴ ጭቃ አቡክቶ ግድግዳውን ዙሪያውን ይመርገው ነበር። እኛ ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈን ከተቀመጥን ወዮልን! «ተነሡ፣ አትደገፉት፤ እሱም ደክሞታል» ይለናል። አባቴ ሲያርፍ ምርጊቱንም ቁጣውንም እማዬ ተረከበችው።

ግቢያችን ድሮ ሦስት ቤት ነበረው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ የሚቀረው አንድ መኖሪያ ቤት ነው። አባቴ ያከራያቸው የነበሩት ሁለቱ የቀበሌ ቤት ሆኑ፤ በመካከላችን አጥር ገባ። አምስታችንም ያደግነው በቀረችው ቤት ነው። አድገን ወጣን፣ ወለድን። እማዬ 70ን አልፋ ብቻዋን ማደር ሲከብዳት ታላቅ ወንድሜ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ሊገባ አሰበ። ግን የት ይግባ? በአንድ ወገን የቀበሌ ቤት፣ በሌላው ወገን ጎረቤት። መሄጃ የቀረን ወደ ላይ ብቻ ነበር።

ወንድሜ ነገሩ ቀላል መሰለው። «ግድግዳው ይኸው 50 ዓመት ቆሟል። ከላይ እንጨት ረብርበን ሁለት ክፍል እንጨምርበት» አለ። እኔ ግን ሰው ይየው ብዬ መሐንዲስ ጠራሁ።

የመጣችው ወጣት ሴት ናት። ቤቱን ዞረችው። በጓዳው በኩል ተንበረከከችና ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብላ ምርጊቱን ፈቀፈቀች። ከቦርሳዋ ካቻቢቴ አውጥታ ቋሚውን ወጋችው። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ! ሲወጣ እንጨቱ እንደ በሶ እየተፈረፈረ አብሮ ወጣ።

«እማማ» አለች፣ «እርጥበትና ምስጥ እግሩን ጨርሰውታል። ይህ ቤት ራሱን ነው የተሸከመው። ሌላ አይጫኑበት።»

ወንድሜ ሊከራከር ሲል ወረቀት አወጣች። ፎቁ በአርማታ ይሠራ ቢባል፣ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአርማታ ሶሌታ በካሬ ሜትር 375 ኪሎ ይመዝናል። ቤቱ 8 በ7፣ 56 ካሬ ነው። አሰላችው፦ 210 ኩንታል። ግድግዳው፣ ዕቃው፣ ሰዉ ገና አልተቆጠረም።

እማዬ ቁጥር ባታበዛም ጤፍ በኩንታል የምትገዛ ሴት ናት። «210 ኩንታል በዚህች ቤት አናት ላይ?» አለችና ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው። «ታዲያ ይፍረስ ልትዪኝ ነው፣ ልጄ?»

«የለም እማማ፣ አይፈርስም። ፎቁ የራሱ እግር ይኑረው።»

ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ፕላኑ 9 ኮለን ሆነ። ስምንቱ ከጭቃው ግድግዳ ውጭ ይቆማሉ። ዘጠነኛው መሃል ሳሎን፣ ልክ እማዬ ረከቦቷን ከምትዘረጋበት ቦታ ላይ ወደቀ። መሐንዲሷ ይህን ስትናገር አንገቷን ደፍታ ነበር። እማዬ ዝም ብላ ቆየችና «ቡናው አንድ ክንድ ፈቀቅ ይበላ» አለች።

በወቅቱ የነበረው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ ያለ ፈቃድ መገንባትን ይከለክል ስለነበር ወረቀቱን ጀመርን። ካርታው ገና በአባቴ ስም ነበር። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ወጣ። ዱባይ ያለችው እህታችን በቆንስላ በኩል ውክልና ላከች። ከሚያዝያ እስከ መስከረም እንዲህ አለቀ።

ጥቅምት 2017 ላይ ቆርቆሮው ወረደ። አቡጀዲው ሲቀደድ የ50 ዓመት ጥላሸት ግቢውን አጠቆረው። እማዬን ኮንዶሚኒየም እኔ ጋ እንውሰድሽ ብንላት አሻፈረኝ አለች፤ አልጋዋን ማድ ቤት አስገባች። የሳሎኑ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ግድግዳው እንዳይናድ በባሕር ዛፍ ደግፈን፣ አፈሩን በባልዲ እያመላለስን፣ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ።

አንድ ቀን መሐንዲሷ መጥታ የኮለኑን ፌሮ በሜትር ለካችና ፊቷ ተለወጠ። ፌራዮው ስታፋውን፣ ያን ዋናውን ፌሮ እንደ ቀለበት የሚያስረውን፣ በ25 ሳንቲ ሜትር አራርቆ አስሮታል። «ይፈታ» አለች። «ኮለኑ ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት በላይም በታችም በ10 ሳንቲ ሜትር ይታሰር። ጫፉም ወደ ውስጥ ይታጠፍ።» ፌራዮው አጉረመረመ፤ ወንድሜም የሚጨመረውን ብር አስቦ ተከዘ።

ያኔ እማዬ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ተናገረች። የመጀቴ አካባቢ ልጅ ናት፤ በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ምድር ሲንቀጠቀጥ የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። ያ የካራቆሬ መንቀጥቀጥ መጀቴን እንዳፈረሳት ታሪክ መዝግቦታል። «ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበው ሁሉ ተናደ» አለች። «የእኛ ጎጆ ግን በልጥ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ነበር። ወዲህ ወዲያ ብሎ ቆመ። ልጄ፣ የታሰረ ነገር ያድናል። ብሩ ከጡረታዬ ይውጣ።»

ስታፋው ተፈታ፤ እንደ ታዘዘው ታሰረ።

በታኅሣሥ የመጀመሪያው ሳምንት ሶሌታው ተሞላ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የቀን ሠራተኛው መጣ፤ ሚክሰሩ ማጓራት ጀመረ። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሣጥን አሸዋ፣ ሦስት ሣጥን ጠጠር። ሣጥኑ 50 በ40 በ20 ነው፤ 40 ሊትር ይይዛል። ሠራተኞቹ እንዲቀላቸው ውኃ ሲያበዙ መሐንዲሷ «ውኃው ሲተን ባዶ ቀዳዳ ይተዋል፤ አርማታው ይደክማል» እያለች ከባልዲው ላይ ታስቀንሳለች። ማታ እማዬ ድፎ ዳቦ ቆረሰች።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የእማዬ ሆነ። አርማታ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀኑ ነው፤ እስከዚያ ውኃ ሊጠማው አይገባም። ጆንያ አንጥፈን፣ ጧትና ማታ ጎማውን ይዛ እንደ ጎመን መደቧ ታጠጣው ነበር።

28ቱ ቀን ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ ሲያልቅ፣ ከፈንታሌ ወገን የተነሣው መንቀጥቀጥ በሌሊት አዲስ አበባን ወዘወዛት። ሮጬ ስደርስ እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ግቢው መሃል ቆማለች፤ ዐይኗ ሶሌታው ላይ ነው። ንቅናቄው እኛ ዘንድ ሲደርስ ቀላል ነበርና ስታፋው አዳነን ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ከዚያ ሌሊት ወዲያ ስለዚያ 10 ሳንቲ ሜትር የከፈልነውን ብር ወንድሜ ዳግም አላነሣውም።

ወሩ ሲያልፍ ሶሌታውን የደገፉት ባሕር ዛፎች አንድ በአንድ ወጡ። የጭቃውን ቤት ለ50 ዓመት ያቆመው የባሕር ዛፍ እንጨት አዲሱንም ፎቅ እስኪጠነክር አቆመው። በሶሌታውና በጭቃው ግድግዳ ጫፍ መካከል አንድ ጋት ክፍተት ተተወ፤ በጣውላ ብቻ ተሸፈነ። ከላይ ካለው ክብደት አንዲት ኪሎ በአሮጌው ቤት ላይ አታርፍም።

ከዚያ ወደ አሮጌው ዞርን። የበሰበሰው የቋሚ እግር ተቆርጦ በድንጋይ መሠረት ላይ ተቀመጠ። ጭቃና ጭድ ደባልቀን፣ ለቀናት አስቦክተን፣ በእግራችን ረገጥነው። አምስታችንም መረግን፤ የዱባይዋም ለፋሲካ መጥታ ነበር።

የመጀመሪያው ቡና በተፈላበት ቀን የልጅ ልጆቿ ፎቁ ላይ ይሯሯጣሉ፤ ኮቴያቸው ይሰማል። እማዬ ረከቦቷን አንድ ክንድ ፈቀቅ አድርጋ ተቀመጠች። አቦሉን ቀድታ ስትጨርስ ቀስ ብላ ወደ ኋላ አለችና ጀርባዋን ኮለኑ ላይ አሳረፈች። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ተደግፋ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

«አባትሽ ግድግዳውን አትደገፉት ይል ነበር» አለችኝ። «ይኼን ግን ልደገፈው። የራሱ እግር አለው።»