«ፀጉር ለቀማ»፦ ለሃንድ ስትሪፒንግ የሚሆን የአማርኛ ስም

ፀጉርን ከአካል ለማንሳት አማርኛ ግስ አያጣም። ራስ ይላጫል፣ ጢም ይከረከማል፣ በግ ይሸለታል፣ የዶሮ ላባ ይነጫል፣ የአያት ሽበት ይነቀላል። እያንዳንዱ ግስ መሣሪያውን፣ የሚፈጀውን ጊዜና ድካሙን አብሮ ይናገራል። «በግ ሸለተ» ሲባል መቀሱም ክምር ፀጉሩም ይታየናል፤ «ሽበት ነቀለ» ሲባል ግን አንዲት ፍሬ ፀጉር ናት የምትታየን።

የአክስቴ ልጅ ለንደን ትኖራለች። ትንከባከባቸው የነበሩ አዛውንት ሲያርፉ ትንሹ ነጭ ውሻቸው ለእሷ ቀረ። ፀጉሩ ሲረዝም ወደ አንዲት ባለሙያ ደወለች፤ የተነገራት ዋጋ ጎረቤቷ ለራሷ ውሻ ከምትከፍለው ሦስት እጥፍ ሆነባት። ወዲያው ለእኔ ደውላ፣ «አንቺ፣ ውሻ ለማስላጨት ይህን ያህል ይከፈላል?» አለችኝ። ባለሙያዋ ያለቻት ግን ሌላ ነበር፤ «ሃንድ ስትሪፒንግ»። የአክስቴ ልጅ በልቧ «መላጨት» ብላ ተረጎመችው፤ ስሌቷም ከዚያ ጀምሮ ተዛባ። ይህን ማብራሪያ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ያ ስልክ ነው።

ውሻው ሲሊየም ቴሪየር ይባላል። ዝርያውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዌልስ፣ ፔምብሩክሺር ውስጥ፣ ሻምበል ጆን ኤድዋርድስ በሲሊየም ርስታቸው አዳቅለው አወጡት። ቁመቱ ትከሻው ድረስ 31 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 9 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፤ እግሩ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጉድጓድ ገብቶ አውሬ እንዲገጥም የተሠራ። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ «ዘ በርድስ» በተሰኘው የ1963 (እ.ኤ.አ.) ፊልሙ ውስጥ ለአፍታ ብቅ ሲል ከሱቅ ይዟቸው የሚወጣቸው ሁለት ውሾች የራሱ ሲሊየሞች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን ዝርያው እየተረሳ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2008 በመላው ብሪታኒያ የተመዘገቡት ቡችሎች 43 ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ግን አንድ ሲሊየም በታላቁ የክራፍትስ የውሾች ውድድር ከሁሉም ዝርያ አንደኛ ወጥቷል። የብሪታኒያው ኬኔል ክለብ በዓመት ከ300 በታች የሚመዘገቡትን አገር በቀል ዝርያዎች «ለአደጋ የተጋለጡ» ብሎ ይዘረዝራቸዋል፤ ሲሊየምም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

ወደ ፀጉሩ እንምጣ። ሲሊየም «ደብል ኮት» ያለው ውሻ ነው፤ ይህን «ድርብ ፀጉር» ብንለው ብዙ ክርክር የሚያስነሳ አይመስለኝም። ከቆዳው ጋር የተጣበቀው የውስጥ ፀጉር ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሙቀት ይይዛል። የላይኛው ሻካራና ጠንካራ ነው፤ ዝናብና እሾህ ይመልሳል። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የላይኛው ፀጉር ያድጋል፣ ይደርሳል፣ ሥሩ ይላላል፤ ግን እንደ ሌሎች ውሾች ፀጉር በየምንጣፉ አይረግፍም። ከሞተ በኋላም ሥሩ ቆዳው ውስጥ እንደተሰካ ይቆያል። አዲሱ እንዲበቅል አሮጌውን አንድ ሰው በጣቱ ስቦ ማውጣት አለበት። ሃንድ ስትሪፒንግ ማለት ይኸው ነው።

እኔ የማቀርበው ስም «ፀጉር ለቀማ» ነው። ቡና የለቀመ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የቀላው ፍሬ በጣት ሲነካ ይመጣል፤ አረንጓዴው ይታገላል፣ ስለዚህ እስኪደርስ ይተዋል። ለቃሚዋ ወደዚያው ዛፍ ደግማ ደጋግማ ትመለሳለች። የውሻውም ፀጉር እንዲሁ ነው፤ የደረሰው ያለ ሕመም ይወጣል፣ ያልደረሰው ለሚቀጥለው ዙር ይቀመጣል። ምስር ስትለቅም ያደገች ሴት ደግሞ ሌላውን ትርጉም ታውቀዋለች፤ ለቀማ ዓይን የሚፈልግ የመለየት ሥራ ነው።

«መንጨት» የሚል ሐሳብ ያቀረበልኝ ሰው ነበር። ቃሉ ለድርጊቱ ቅርብ ነው፤ ግን ፀጉር የሚነጨው በለቅሶ ነው፣ ሕመምና ሐዘን ተሸክሟል። በትክክል የተሠራ ለቀማ ውሻውን አያሳምመውም፤ ብዙዎቹ ጠረጴዛው ላይ ያንቀላፋሉ። «ነቀላ» ደግሞ ደረሰ አልደረሰ ሳይል ሁሉንም ያወጣል። በማሽን የሚሠራውን «ሸለታ» እንበለው፤ የበጉ ቃል በትክክል ይገጥመዋል። ሸለታ የደረሰውንም ያልደረሰውንም እኩል ይቆርጣል። የሞተው ሥር ውስጥ ይቀራል፣ ሻካራው ጫፍ ይጠፋል፣ ለስላሳው ይበረታል። ውሻው ጥጥ እየመሰለ፣ ቶሎ እየቆሸሸ ይሄዳል። ደጋግሞ የተሸለተን ፀጉር ወደ ቀድሞው መመለስ አስቸጋሪ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይመለስም።

እንግዲህ በጀቱ። ሸለታ በውሻ ይታሰባል፤ ለቀማ ግን በአብዛኛው በሰዓት ነው፤ ሊታሰብም የሚገባው እንደዚያ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ባለሙያዋ በሰዓት 40 ፓውንድ ትጠይቃለች እንበል፤ ሒሳቡን ለማሳየት የወሰድኩት ቁጥር ነው። ውሻው በዓመት ሁለት ጊዜ «ሙሉ ለቀማ» ቢደረግለት፣ እያንዳንዱም 4 ሰዓት ቢፈጅ 320 ፓውንድ ነው። በመካከሉ የእግሩን፣ የጢሙንና የጥፍሩን ለማስተካከል ሦስት ጊዜ አንዳንድ ሰዓት ቢጨመር 120፤ ድምሩ 440። ለ12 ወር ሲካፈል ወደ 37 ፓውንድ ይሆናል። 160 ፓውንድ በአንድ ቀን ሲጠየቅ ያስደነግጣል፤ በየወሩ 37 ፓውንድ ለብቻው የሚቀመጥ ከሆነ ግን ቤት አያናጋም።

ሌላው አካሄድ «ዙር ለቀማ» ነው፤ በየስድስት ሳምንቱ የደረሰውን ብቻ ማንሳት። በዓመት ስምንት ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ፣ 12 ሰዓት ነው፤ በዚያው ዋጋ 480 ፓውንድ። ልዩነቱ 40 ፓውንድ ነው። እኔ ብሆን ይህን እመርጣለሁ፤ ውሻው ዓመቱን ሙሉ ፀጉሩ አይጓደልም፣ ጠረጴዛ ላይም አራት ሰዓት አይቆምም።

ዝርያው ብርቅ መሆኑ ዋጋ አለው። ሙያው ያላት ሰው በየሰፈሩ አትገኝም፤ ባቡር መሳፈርና ወረፋ መጠበቅ አለ። ስለዚህ የትራንስፖርቱ ወጪ በጀቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ይግባ። ስልክ ሲደወል «ስንት ነው?» ከማለት በፊት «በእጅ ነው ወይስ በማሽን? ቴሪየር ለቅመው ያውቃሉ?» ማለት ይቀድማል። የዝርያው አርቢዎችና ማኅበራቸው የታመነ ለቃሚ ይጠቁማሉ፤ አንዳንዶቹም ራሳቸው ያስተምራሉ። መማር ከሁሉ የበለጠ ቁጠባ ነው። የሚያስፈልገው ጥቂት የጠመኔ ዱቄት፣ የላስቲክ የጣት ሽፋንና ትዕግሥት ነው። ከለቀማ በፊት ግን ውሻውን አያጥቡት፤ የታጠበ ፀጉር ያንሸራትታል።

ሆዱና ብልቱ አካባቢ አይለቀምም፤ ቆዳው ስስ ነው፣ በመቀስ ይስተካከላል። ያረጀ ወይም የታመመ ውሻ፣ ከመኮላሸት በኋላም ፀጉሩ ጥጥ የሆነ ውሻ፣ ቢሸለት ምንም ነውር የለውም። ምቾቱ ከመልኩ ይቀድማል።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በስልክ ካስረዳኋት በኋላ፣ ውሻውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከትከሻው ጥቂት ፀጉር በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ እንድትይዝ፣ በሌላ እጇ ቆዳውን ገታ አድርጋ ወደ አበቃቀሉ አቅጣጫ እንድትስብ ነገርኳት። ለአፍታ ዝም አለች። «መጣ» አለችኝ፣ «ዞር ብሎም አላየኝ።» በማግስቱ ደውላ ቀጠሮ ያዘች።