የነርሶች መዝገብ እንዴት ተገኘ



ሰው በጤናው ሳለ የሚያሠራውን ባለሙያ መርጦ ያሠራል። ቤት ሲያሠራ የግንበኛውን የቀድሞ ሥራ አይቶ ይዋዋላል፤ ልብስም ሲያሰፋ ጠይቆና አጠያይቆ ነው። ታሞ በአልጋ ላይ በወደቀ ጊዜ ግን ይህ የመምረጥ ሥልጣን ከእጁ ይወጣል። መድኃኒት ይዛ በአጠገቡ የቆመችውን ነርስ «የት ተማርሽ? ስንት ዓመት ተማርሽ? ማንስ ፈተነሽ?» ብሎ ለመመርመር ጊዜውም አቅሙም የለውም። ስለዚህ ይህን ጥያቄ በእርሱ ፈንታ፥ ያውም ከመታመሙ አስቀድሞ፥ የሚጠይቅለት አካል ያስፈልገዋል። በዛሬው ንግግራችን ይህ አካል እንዴት እንደ ተገኘ፥ በተለይም በእንግሊዝ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ የፈጀውን የነርሶች መዝገብ ክርክር እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት እኩሌታ በእንግሊዝ አገር በሆስፒታል በሽተኛ ማስታመም ክብር ያለው ሥራ ተደርጎ አይቆጠርም ነበር። ደመወዙ አነስተኛ፥ ትምህርቱም ከልማድ የማያልፍ ነበር። ሚስ ፍሎሬንስ ናይቲንጌል በ1854 ለክሪሚያ ጦርነት ቁስለኞች ወደ እስኩታሪ ሄደው ከሠሩ በኋላ የሕዝቡ አስተያየት መለወጥ ጀመረ። በስማቸው በተዋጣው ገንዘብም በ1860 በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሆስፒታሎች የየራሳቸውን ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

ነገር ግን ትምህርት ቤቶቹ ሲበዙ ሌላ ችግር ተከተለ። አንዱ ሆስፒታል አንድ ዓመት፥ ሌላው ሁለት ዓመት፥ ሌላውም ሦስት ዓመት እያስተማረ፥ ሁሉም በየስሙ የምስክር ወረቀት ይሰጥ ጀመር። ከቶ ያልተማረችም ሴት የነርስ ልብስ ለብሳ «ነርስ ነኝ» ብትል የሚከለክላት ሕግ አልነበረም። ሐኪሞች በ1858 በወጣው ሕግ መሠረት በአንድ መዝገብ ተጽፈው ሳለ፥ ሌሊቱን ከበሽተኛው አጠገብ የምታድረው ነርስ ግን መዝገብ አልነበራትም።

ይህን ለማስተካከል የተነሡት ወይዘሮ ኤቴል ቤድፎርድ ፌንዊክ ናቸው። ሴትዮዋ በ1881 ገና በሃያ አራት ዓመታቸው በሎንዶን የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የነርሶች አለቃ ሆነው ተሾሙ። በ1887 አንድ ሐኪም አግብተው ሥራቸውን ቢለቁም፥ በዚያው ዓመት የብሪታንያ ነርሶች ማኅበርን አቋቋሙ። የጠየቁትም ነገር ግልጽ ነበር፤ ይኸውም ለሁሉም እኩል የሆነ የሦስት ዓመት ትምህርት፥ ለሁሉም አንድ የሆነ ፈተና፥ በሕግ የጸና አንድ መዝገብ፥ ሙያዋን ያዋረደችም ስሟ ከመዝገቡ የሚሠረዝበት ሥርዓት እንዲቆም ነበር።

ሐሳቡን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዷ ራሳቸው ሚስ ናይቲንጌል መሆናቸው የሚያስገርም ነው። የተቃወሙበትን ምክንያት ግን በንቀት ማለፍ አይገባም። በእኛ አገር «ሙያ በልብ ነው» እንደሚባለው፥ የነርስ ዋናው ሙያ ትዕግሥት፥ ንጽሕና፥ ታማኝነትና ርኅራኄ ስለ ሆነ በወረቀት ፈተና አይለካም ብለው ያምኑ ነበር። አንዲት ነርስ ምን እንደ ሆነች የምታውቀው በአልጋዎች መካከል ስትመላለስ ያየቻት አለቃዋ ናት እንጂ ፈታኝ አይደለም፤ ዛሬ መልካም ሆና የተጻፈች ነርስም ከዓመታት በኋላ ብትሰንፍ መዝገቡ ያው እንደ ጥንቱ ይመሰክርላታል የሚል ነበር ክርክራቸው። የሎንዶን ሆስፒታል የነርሶች አለቃ ሚስ ኤቫ ሉከስም ከእርሳቸው ጋር ቆሙ። በዚያ ሆስፒታል ትምህርቱ የሁለት ዓመት ስለ ነበረ፥ የሦስት ዓመቱ ደንብ ቢጸና ሥራውን ሁሉ የሚያናጋ ነበር።

የወይዘሮ ፌንዊክ ወገኖችም መልስ አላጡም። የአለቃዋ ምስክርነት ከሆስፒታሉ አጥር ውጪ ለማን ይጠቅማል? በዚያ ዘመን ከተማሩት ነርሶች ብዙዎቹ በየሰዉ ቤት እየተቀጠሩ ያስታምሙ ስለ ነበር፥ የቀጣሪው ቤተ ሰብ የተማረችውን ካልተማረችው የሚለይበት ምልክት አልነበረውም። መዝገብ ልብን አይመረምርም፤ ነገር ግን ያልተማረው እጅ በተማረው ስም እንዳይገባ በሩን ይጠብቃል አሉ።

በ1893 ማኅበሩ ንጉሣዊ ቻርተር አገኘ። ነገር ግን ከብዙ ክርክር በኋላ የተፈቀደለት የነርሶችን ስም «ዝርዝር» እንዲይዝ እንጂ ሕጋዊ «መዝገብ» እንዲያቆም አልነበረም። በጽሕፈት ቤት የሠራ ሰው የሁለቱን ልዩነት ያውቀዋል። በዝርዝር ውስጥ ስሙ የጎደለ ሰው የሚቀርበት ነገር የለም፤ ከሕጋዊ መዝገብ የተሠረዘ ግን መብቱን ያጣል።

እንግሊዞች በዚህ ሲከራከሩ ሌሎች ቀደሟቸው። በደቡብ አፍሪቃ የኬፕ ቅኝ ግዛት በ1891 ባወጣው የሕክምና ሕግ ነርሶችን በመንግሥት መዝገብ አስገባ። ኒው ዚላንድ ደግሞ በ1901 ለነርሶች ብቻ የተለየ የምዝገባ ሕግ አወጣች፤ ሚስ ኤለን ዶኸርቲም ጥር 10 ቀን 1902 በዚያ መዝገብ የመጀመሪያዋ ሆነው ተጻፉ። በአሜሪካ አገር ሰሜን ካሮላይና በ1903 ተከተለች።

በእንግሊዝ በ1902 ለአዋላጆች ሕግ ወጣ፤ የነርሶቹ ግን ቆየ። የፓርላማው መርማሪ ኮሚቴ በ1905 ምዝገባው እንዲቆም አሳሰበ፤ በ1908 የመኳንንቱ ምክር ቤት አንድ ረቂቅ ቢያጸድቅም በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ሳያልፍ ቀረ። ሚስ ናይቲንጌልም በ1910 ዐረፉ። ክርክሩን የቋጨው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሠለጠኑ ብዙ በጎ ፈቃደኞች ወደ ሆስፒታሎች ስለ ገቡ፥ «ነርስ ማን ናት?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ሊቆይ አልቻለም። ታኅሣሥ 23 ቀን 1919 የነርሶች ምዝገባ ሕግ ጸደቀ፤ መዝገቡንም የሚጠብቅ ጠቅላላ የነርሶች ምክር ቤት ተቋቋመ። በ1921 መዝገቡ ሲከፈት በቁጥር 1 የተጻፈው የወይዘሮ ፌንዊክ ስም ነበር። በሥራ ላይ የነበሩት ነርሶች በተወሰነ የጊዜ ገደብ ያለ ፈተና እንዲገቡ ተፈቅዶ፥ የመጀመሪያው የመንግሥት የመጨረሻ ፈተና በ1925 ተሰጠ።

ሕጉ ግን ጉድለት አልጠፋበትም። የከለከለው «የተመዘገበች ነርስ» ነኝ ማለትን እንጂ «ነርስ» የሚለውን ስም ብቻውን አልነበረም፤ ይህ ቀዳዳ በ1943 ሕግ ጠበበ። ወንዶች ነርሶችም እስከ 1949 ድረስ በተለየ ክፍል ይጻፉ ነበር።

ይህ መዝገብ ከአገራችን ታሪክም ጋር ይገናኛል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በሎንዶን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው፥ በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆነው በዚሁ መዝገብ ተጻፉ። የንጉሥ ልጅ ስለሆኑ ፈተናው አልቀረላቸውም፤ እንደ ማናቸውም ተማሪ ተምረው፥ እንደ ማናቸውም ተማሪ ተፈትነው አለፉ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1942 በወጣትነታቸው ቢያርፉም፥ በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው።

እንግዲህ ወይዘሮ ፌንዊክ አሸነፉ፤ ሚስ ናይቲንጌል ተሸነፉ ብለን ታሪኩን እንዝጋን? አይደለም። ፈተናውን ያለፈችው አዲስ ነርስ ማግስቱን ወደ ሥራ ስትገባ የሚገጥማትን መዝገብ ብቻውን አይመልስላትም። አሜሪካዊቷ ማርሊን ክሬመር በ1974 ባሳተሙት መጽሐፍ በትምህርት ቤት የተማሩትና በሆስፒታል የሚገኘው ሥራ የተለያየባቸውን አዳዲስ ነርሶች ጭንቀት «የእውነታ ድንጋጤ» ብለው ጠሩት። ከዚህም የተነሣ በብዙ አገር አዲሲቱ ነርስ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከአንዲት ልምድ ካላት ነርስ ሥር ሆና እንድትሠራ ማድረግ እየተለመደ መጣ። ይህ ደግሞ ሚስ ናይቲንጌል ይሟገቱለት የነበረው የቅርብ ዐይን ማለት ነው። ተጽፎ የሚቀር ስም እያደር ዋጋ ያጣል ያሉትም በከንቱ አልነበረም፤ በብሪታንያ ነርሶች ዛሬ በመዝገቡ ለመቆየት በየጊዜው በሥራ ላይ መሆናቸውንና ትምህርታቸውን ማደሳቸውን ማስረዳት አለባቸው።

ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች የተከራከሩበት ጉዳይ ሁለት ዘበኛ የሚያስፈልገው ቤት ነበር። አንዱ ዘበኛ በበሩ ቆሞ ያልተማረውን ይከለክላል፤ ሁለተኛው በውስጥ ሆኖ የገባውን ያሳድጋል። በአገራችንም ዛሬ ነርስ ለመሆን የትምህርት ማስረጃና የሙያ ፈቃድ ይጠየቃል። ያንን ማስረጃ የሚመረምረው፥ ማኅተሙን የሚያደርገው፥ ስሙንም በመዝገብ የሚጽፈው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሳይመረምር የፈረመ እንደ ሆነ መዝገቡ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል፤ ይህን ምስክር አምኖ ክንዱን ለመርፌ የሚዘረጋው ደግሞ ለመጠየቅ አቅም የሌለው በሽተኛ ነው። በጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ተራ ወረቀት በመሰለው ጊዜ ሁሉ ያንን ክንድ ያስብ።